ጤዛ ያለበት ማገጥ

ባለቤቴ በታመመበት ክረምት ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም። ትራሱን አስተካክዬ ውኃ ካጎነጨሁት በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለስ አድርጎ፣ «በላች?» ይለኛል።

«በልታለች» እለዋለሁ።

«ማገጡን አጠወለግሽላት?»

«አጠውልጌላታለሁ።»

ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። ሐኪሙ ስለ ሳንባው የነገረንን ሁሉ ዝም ብሎ ሰምቶ አንድም ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው፣ የሣሩን መጠውለግ ሳይጠይቅ ያለፈበት ጠዋት አልነበረም።

ላሚቱ የመጀመሪያ ጥጃዋን አርግዛ ነበር። እናቷ የጎረቤታችን የሐጂ ላም ናት፤ እሷን ገና ጊደር ሳለች ነው ባለቤቴ ከሐጂ የወሰዳት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራዬ የሚለው እሷን ነበር። ማርገዟን ያወቀ ዕለት ከበረቱ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና፣ «የገናን ወተት ከሰው ቤት አንገዛም» አለኝ። ጫማው ላይ ያለውን እበት እንኳ ሳይጠርግ ነው የገባው።

ስለ ማገጥ ትንሽ መናገር አለብኝ፣ ከተማ ያደገ ሰው ላያውቀው ይችላልና። ማገጥ ማንም የማይዘራው ሣር ነው። ሣር እላለሁ እንጂ ዘመዶቹ አተርና ባቄላ ናቸው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ይወጣል። አበባው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ናት፤ ነጭ ሆና ወደ ጫፏ ቀላ ትላለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሜዳውን፣ የቦዩን ዳር፣ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሥር ሁሉ ይሸፍነዋል። ጠጋ ካሉት የንቡ ድምፅ ይሰማል።

እኔ የተወለድኩት ከወልቂጤ ወዲያ፣ ቸሃ ነው። እዚያ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ጀፎረ የምንለው ሰፊ የሣር መንገድ ተዘርግቷል። ጀፎረ የሁሉም ነው፤ አይታረስም፣ አይታጠርም። ሰርግም ለቅሶም እዚያ ላይ ነው። በመስከረም ወር ጀፎረው ማገጥ በማገጥ ይሆናል። ልጆች ሆነን አበባውን እየቀጠፍን መቀመጫውን እንመጥጠው ነበር፤ ይጣፍጣል፣ ግን ከምላስ አያልፍም። የላም ኮቴ ሲቆስል እናቴ ቅጠሉን ወቅጣ በቃጫ ታስርበታለች። በዚያ ሰሞን የወጣው ቅቤ ቢጫ ስለሚሆን ለብቻው ይቀመጣል፤ ቤት ውስጥ አራስ ስትኖር የሚወጣው እሱ ነው። ቅቤውን አይታ ላሚቱ የት እንደዋለች ትናገር ነበር፣ እናቴ።

ባለቤቴ ግን የመስቃን ሰው ነው። የእኔ ቤት ቋንቋና የእሱ ቤት ቋንቋ ወንድማማቾች ቢሆኑም አይደማመጡም፤ ስለዚህ የተጋባነውም የተጣላነውም በአማርኛ ነው። ለማገጥም እኔ የእናቴን ቃል፣ እሱም የእናቱን ቃል ትተን፣ ሁለታችንም ከገበያ በተማርነው ስም እንጠራዋለን። ልጆቻችን የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከቡታጅራ ወዲያ ካለችው ከቆሼ በርበሬ ሲጭን ኖረ። ልብሱ ሲታጠብ እኔ አስነጥስ ነበር። እንግዲህ በርበሬ ጭኖ የሚሄድ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ ይሆናል ትላላችሁ፤ የእሱ ዓይን ግን መንገዱ ዳር ላይ ነበር። የት ቦታ ምን ዓይነት ሣር እንደሚበቅል ያውቃል። ሁለት ዓይነት ማገጥ መኖሩን ያሳየኝም እሱ ነው። ወላጆቼን ለመጠየቅ ስንሄድ ጀፎረው ላይ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ይቆፍራል።

«ይቺ ዝናብ ሲያበቃ ትሞታለች፤ በዘሯ ነው የምትመለሰው። ይቺኛዋን እዪያት፣ መሬት ለመሬት እየተሳበች በየአንጓዋ ሥር ትሰዳለች። ይቺ በበጋ የምትተኛ ናት። ከላይ ደርቃ ስታዪያት የለችም ትያለሽ።»

«ታዲያ የትኛዋ ትሻላለች?»

«የምትተኛዋ። ብቻ ስታጭጃት ሥሯን እንዳትነኪ። አራት ጣት ይተውላታል።»

ቀና ብሎ ሜዳውን አየና፣ «ይሄን ጠቅልዬ ቡታጅራ ብወስደው» አለ። ወደ አባቴ ቤት በሄድን ቁጥር ይህንኑ ይል ነበር። ታናሽ እህቴ አሁንም እዚያ አጠገብ ስለምትኖር ይህን ንግግሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከመኪና ስንወርድ ገና፣ «መጣህ? ጠቅልለው እንግዲህ!» ትለዋለች።

ቡታጅራ ውስጥ እሱ የሚያጭድበት ቦታ ከሰፈራችን በታች፣ በቦዩ ዳር ያለ ጠባብ መሬት ነበር። ቁርሱን በልቶ ማጭዱንና ባዶ ማዳበሪያውን ይዞ ይወጣል። ቦታው ቅርብ ነው፤ እኔ እንኳ በዚህ እግሬ ቶሎ ደርሼ እመለሳለሁ። እሱ ግን ፀሐይ ከፍ ሳትል አይመጣም። ሻይ ቤት ጎራ ብሎ ከድሮ ሹፌሮች ጋር ሲያወራ ነው እያልኩ አስብ ነበር። መቼም ጠይቄው አላውቅም። ጡረታ የወጣ ሰው ትንሽ ወሬ ያስፈልገዋል።

ያጨደውን ይዞ ሲመጣ ለላሚቱ አይሰጣትም። መሰላል አቁሞ የበረቱ ቆርቆሮ ላይ ይበትነዋል። ከሰዓት በኋላ አውርዶ ከጤፍ ጭድ ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያቀርብላት። ነፋስ ሲነሳ ግማሹ ደጃፌ ላይ ይወርድብኛል።

«ቤቴን የሣር ክዳን አደረግከው እኮ» እለዋለሁ፣ መጥረጊያ ይዤ።

«ጎጆ ቤት ይቀዘቅዛል፣ ይሻላል ትይ አልነበር?»

«ታጭዶ መጥቶ እያየችው አለመስጠት ግፍ ነው።»

«ይጠውልግ። እርጥቡን ከበላች ሆዷ ውስጥ ይፈላባታል። ጤዛ ካለበት ደግሞ መርዝ በይው።»

እንዲህ እየተነዛነዝን ነው ያወቅሁት። አስተምሮኝ አይደለም። ሳጉረመርም እሱ ይመልሳል፤ መልሱ ነው ጆሮዬ ውስጥ የቀረው።

ከአልጋ ሳይነሳ በቀረ ጊዜ እኔ ለማጨድ ጉልበት ስላልነበረኝ የሐጂ ቤት ሰዎች እያጨዱ ያመጡልኝ ነበር። እኔ ቆርቆሮው ላይ እበትነውና ለበሽተኛው ሄጄ እነግረዋለሁ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት ድምፁ እየራቀ፣ «ማገጡን» አለኝ። «አውቃለሁ፣ አጠወልጋለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ነገር የለም።

መስቀል ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሞተ። በዚያ ሰሞን የእኛ አገር መንገድ እንዴት እንደሚሞላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ ለበዓል ያመጣውን ዕቃ በየቤቱ አስቀምጦ ወደ ድንኳናችን መጣ። ነጭ ለብሶ ከሚያከብር ሰው ጋር ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው መጡ። ሐዘን ቤት እሳት እንደማይነድ፣ የሚበላው ከጎረቤት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ከብት ያለው ሰው ሲሞት ለቅሶ ደራሹ ለከብቱም ያስባል። ባለቤቱ የለም፤ ቤተሰቡ ከፍራሽ አይነሳም፤ እንስሳዋ ደግሞ ለቅሶ አታውቅም። ስለዚህ ለቅሶ የሚደርስ ሰው በመንገዱ ላይ አንድ እቅፍ ሣር ነጭቶ፣ በረቱ ጋ ጥሎ፣ እጁን በነጠላው ጠርጎ ይገባል። ማንም ያዘዘው፣ ማንም የሚነጋገርበት ነገር አይደለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ያደርገዋል። የእናቴ አገር ሰዎችም እንዲሁ ነበሩ።

ሌሊት ሌሊት ይዘንብ ነበር። ማገጡ እንደዚያ ዓመት አምሮ አይቼው አላውቅም።

ከሰልስቱ በኋላ ባለው ጠዋት ነው። ሳሎን ውስጥ፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ከበሩ ወዲያ ድንኳኑ፣ ከድንኳኑ ጎን የበረቱ ጣራ ይታየኛል። ቆርቆሮው ባዶውን ነበር። አየሁት፤ ግን ምን እንደማይ አላወቅሁም። እንደዚያ ነበርኩ በዚያ ሰሞን። ሰው ሲስመኝ ማን እንደሳመኝ አላውቅም።

እህቴ ለቀብሩ መጥታ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ከወልቂጤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ድጋሚ መጣች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሌሊቱን አላስችል ብሏት ገና ሳይነጋ ጀፎረው ላይ ወጥታ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ማገጥ አጨደች። «ጠቅልዬ ልውሰደው ይል አልነበር? እኔ ጠቅልዬ አመጣሁለት» ነው ያለችው። ዝናብ ያረፈበትን ማገጥ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ሚኒባሱ ጣራ ላይ አስጭና፣ ያን ሁሉ መንገድ መጣች። በረቱ ጋ ስትደርስ ማዳበሪያው በእጅ ሲነካ ይሞቅ ነበር። ሁሉንም ላሚቱ ፊት ዘረገፈችው። ከዚያ ገብታ አቅፋኝ አለቀሰች።

ትንሽ ቆይታ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመችና የባለቤቴን ወንድም በጣቷ ጠራችው። ታናሹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክትፎ ቤት ያለው፣ ለበዓሉ የመጣ፣ ከነሱፉ ለቅሶ የተቀመጠ። በጆሮው የምትነግረው ተሰማኝ።

«ላሚቱ አታመሰኳም። ቆማ ቀርታለች። ሆዷ…»

ተነሣሁ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም፤ ከቀብሩ ጀምሮ ለመነሣት ሁለት ሰው ነበር የሚይዘኝ። አጠገቤ የነበሩት ትልልቅ ሴቶች ቀሚሴን ያዙኝ።

«ተቀመጪ እንጂ! ወዴት ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ አፈሩ ሳይደርቅ! ሰው ምን ይላል?»

ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ፣ በባዶ እግሬ በድንኳኑ መሀል አልፌ ወጣሁ። ወንበር ላይ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ብድግ አሉ፤ ለእኔ ሊያዝኑ ነው የተነሡት፤ እኔ ግን አልፌያቸው ሄድኩ።

ላሚቱ አራት እግሯን አንፈራጣ ቆማለች። አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ አጭር አጭር ትተነፍሳለች። ግራ ጎኗ ከጀርባዋ በላይ አብጧል። በመዳፌ መታ ባደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ። ቀኝ ጎኗ ውስጥ ጥጃው ነበር።

ወንድሙ ጃኬቱን አውልቋል። «ካራ አምጡ» እያለ ነው። «እትዬ፣ አንቺ ግቢ። ይሄ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሞተች ጥንብ ናት፣ ማንም አይነካትም። ነፍሷ ሳይወጣ ትታረድ፤ ለለቅሶው ይሁን፤ ለወንድሜ ይሁን።»

ሐጂ በአጥሩ በኩል ገብቶ ኖሯል። ምርኩዙን ጭቃው ላይ ተክሎ፣ «ቆይ እስቲ አንተ ሰውዬ» አለ። «አንተ ካረድካት እኔ አልበላትም። እኔ ካረድኳት አንተ አትበላትም። ግማሹ ለቀስተኛ ሲበላ ግማሹ ሊያይ ነው። ብትድን ለሁላችንም ይቀላል።»

«ሐጂ፣ ቀልድ አሁን…»

«ቀልድ አይደለም። ይቺን አዋልጄ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንተ ላም የምታውቀው ጣባ ላይ ተለውሳ ነው።»

ሰዉ ሁሉ በረቱን ከቦ ነበር። ምን በላች፣ ማን ሰጣት ተባለ። ሐጂ፣ «እኔ ጠዋት ከመስጊድ ስመለስ ትንሽ ብቻ ጣል አድርጌያለሁ» አለ። አንዲት ጎረቤት፣ «እኔም እኮ አንድ እቅፍ ነው» አለች። ሌላው፣ «ከቦዩ ዳር፣ ትንሽ ነገር» አለ። የእድሩ ጸሐፊ ሳይቀር አንድ ጭብጥ። እያንዳንዱ ለብቻው የሰጣት መስሎታል፤ ግርግሙን ባዶ አግኝቶ፣ የሰጣትን ስትጨርስለት አይቶ ደስ ብሎት ገብቷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የእህቴ ማዳበሪያ። እህቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች።

ወንድሙ ካራውን ተቀብሏል። የተሳለ፣ የሥራ ካራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለመስቀል በሬ ያመጣው።

«ዘይት» አልኩ። «የኑግ ዘይት ካለ። ካልሆነ ያለውን።»

ድምፄን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። እኔም ደነገጥኩ።

ወጥ ከሚሠሩት ሴቶች ዘንድ ዘይት መጣ። አንዱ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለ። ሐኪሙ ቆሼ ነበር፤ ስልኩን ጮክ አድርገው ያዙልኝ። «ዘይቱን በጎን በኩል ቀስ እያላችሁ ስጧት፣ ጭንቅላቷን ከፍ አታድርጉ፣ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ። በስለት እንዳትወጓት፤ እርጉዝ ናት። የፊት እግሮቿን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሟት። እየመጣሁ ነው፤ ግን ሩቅ ነኝ።» ከዚያ መስመሩ ጠፋ።

የቀረውን እኔ አውቀው ነበር። አዲስ ሙሽራ ሆኜ መስቃን፣ አማቴ ግቢ በነበርኩ ጊዜ የአማቴ ላም እንዲሁ ሆና ባለቤቴ ያደረገውን ቆሜ አይቻለሁ። የመጥረጊያውን እንጨት አንስቼ ለሁለት ሰበርኩት። እንደ ልጓም አፏ ውስጥ በአግድም አስገባንና ጫፍና ጫፉን በገመድ ይዘን ከቀንዷ ኋላ አሰርነው። እንጨቱን ለመትፋት ምላሷን ስታንቀሳቅስ፣ ስታኝከው፣ ምራቋ ይወርዳል፤ ያኔ የታፈነው አየር መውጫ ያገኛል። ከበረቱ ኋላ የቤት መሠረት ሲቆፈር የተከመረ አፈር አለ። እሱ ላይ የፊት እግሮቿን አወጣናት። ሐጂ ከፊት ገመዱን ያዘ።

«አንተ ና» አልኩት ወንድሙን። «ካራህን አስቀምጥና ግራ ጎኗን እሽልኝ።»

«እትዬ፣ እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው? ዓይኗ ከተገለበጠ በኋላ ካራ አይረባም። ነግሬሻለሁ።»

«ዓይኗ ሲገለበጥ የምታየው አንተ ነህ። እስከዚያ እሽልኝ።»

ካራውን ለማንም አልሰጠም፤ አጥሩ ላይ፣ በእጁ ልክ ሰካው። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ መዳፉን ጎኗ ላይ አሳረፈ።

«ጠንከር አድርግ!» አለው ሐጂ። «ለሰው ለስላሳውን ክትፎ የምታቀርብለት መሰለህ እንዴ? በክንድህ!»

እሱ ያሻል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አሻለሁ። ጎኗ ከእጃችን ሥር አልበገር አለ። አንድ ጊዜ ጉልበቷ ከዳትና ሰዉ ሁሉ «ኧረ!» አለ፤ ወንድሙም ወደ አጥሩ ዞረ። ተመልሳ ቆመች። እሱም ተመለሰ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው ነበር፤ ቅድም ቀሚሴን የያዙኝ ጭምር። አንዷ በሹክሹክታ ማርያምን ትጠራለች፤ የሐጂ ባለቤት አጠገቧ ቆማ በራሷ ጸሎት ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

እኔ ስለ ባለቤቴ አላሰብኩም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ ማለት አይደለም፤ የሆነው ይኸው ነው። የማስበው ስለ ጥጃው ነበር። ያ የሚጠብቀው ጥጃ ቀኝ ጎኗ ውስጥ አየር አጥቶ ይሆን እያልኩ ነበር።

ከዚያ አገሳች። ረጅም፣ ከሆዷ ሥር የመጣ ግሳት። የተቦካ ማገጥ ሽታ ፊታችን ላይ ወረደ። ሐጂ ከፊት ስለነበር ሙሉውን ተቀበለው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ፊቱን እየጠረገ። «እንደዚህ ያለ ሽቶ ተቀብቼ አላውቅም።»

ሳቅ መጣ። ሐዘን ቤት ውስጥ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛ አገሳች፤ ደግማ ደግማ። ጎኗ ከእጃችን ሥር ቀስ እያለ ወረደ። ወንድሙ አሁንም ያሻል፤ በቃ አይልም። ስናየው ግንባሩን ጎኗ ላይ አስደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ጀምሮ እንግዳ ሲያስተናግድ፣ ድንኳን ሲያስተካክል ነበር እንጂ አላለቀሰም ነበር። «ወንድም ጋሼ» እያለ ነበር የሚያለቅሰው፤ እንደ ልጅነቱ። ማንም አላስቆመውም።

እኔም እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሳሎኑ በኩል አልሄድኩም። በጓሮ በኩል፣ ጠዋት ጠዋት እንደማደርገው፣ ወደ መኝታ ክፍሉ በር ሄድኩ። እጄ በሩ ላይ ነበር። «ድናለች» ልለው ነው። «በልታ ነበር፣ እርጥቡን፤ ግን ድናለች።» በሩን ከፈትኩት። አልጋው ተጣጥፎ፣ ፍራሹ ለለቀስተኛ ወጥቶ፣ ክፍሉ ባዶ ነበር።

ያኔ ነው ያወቅሁት። ከቀብሩ መልስ አይደለም፤ በሰልስቱም አይደለም።

እህቴ እዚያው መሬት ላይ አገኘችኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ልገድላት ነበር» አለች።

«ብቻሽን አይደለሽም። ሰፈሩ በሙሉ ነው።»

«ለእሱ ብዬ ነው እኮ።»

«ሁሉም ለእሱ ብሎ ነው።»

ከዚያ እጇን ይዤ ወደ ሳሎኑ ገባን፤ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሴን ይዘውኝ የነበሩት ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ክንዴ ላይ ያለውን ዘይት ጠረገችልኝ። ከሰፈር ወሬው አልቀረልኝም፤ ባሏን ትታ ለላም ተነሣች ያሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አያትና፣ ጥጃውም ላሚቱም ደህና መሆናቸውን ነገረን። እኔ ለለቀስተኞቹ አንድ ነገር ብቻ አስነገርኩ፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ማገጥ ላሚቱ ፊት ሳይሆን የበረቱ ጣራ ላይ ይጣል ብዬ።

አደረጉት። ለቅሶ የሚደርስ ሁሉ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ እጁን አንስቶ ይወረውራል። ድንኳኑ በፈረሰ ቀን ከፍራሹ ላይ ሆኜ የሚታየኝ የበረቱ ጣራ ቆርቆሮው አይታይም ነበር። ባለቤቴ በአንድ ክረምት ካጨደው የሚበልጥ መሰለኝ። ጠውልጎ፣ ደርቆ፣ እስከ ኅዳር በላችው።

ጥጃዋ የተወለደችው ለገና ሳይሆን ቀደም ብላ ነው። ሴት ናት። እንገሩን በየቤቱ አካፈልኩ፤ አንድ እቅፍ፣ ትንሽ ነገር፣ አንድ ጭብጥ ያሉት ሁሉ ደረሳቸው። ሐጂ የእሱን ሲቀበል፣ «አሁን ሁላችንም እንቀምሳለን፤ ካራ የለበት» አለኝ። ለባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ ድረስ የሚላክ ነገር ስላልሆነ በስልክ ነገርኩት። «ጎኗ ደህና ነው?» አለኝ። አሁን በሳምንት በሳምንቱ ይደውላል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው።

በበጋ ቦዩ ዳር ያለው መሬት ራሰ በራ ሆነ። ከላይ ሲያዩት የለም። ዘንድሮ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ሄጄ ሳየው ከየአንጓው ወጥቷል። ጉልበቴም ትንሽ ተመልሶልኛል። አንድ ቀን ቁርሴን ቀምሼ፣ የእሱን ማጭድና ባዶ ማዳበሪያ ይዤ፣ እሱ በሚወጣበት ሰዓት ወጣሁ።

ማገጡ ከጤዛው የተነሣ ነጭ ነበር። የቀሚሴ ጫፍ ራሰ። ማጨድ አልቻልኩም። ከቦዩ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ ነበረች። ቀስ ብላ ወጣች፤ ብርሃኑ መጀመሪያ የወዲያ ማዶውን፣ ከዚያ የቦዩን ውኃ፣ ከዚያ እግሬ ሥር ያለውን ያዘ። ንቦቹም እስኪሞቅ አልመጡም። ምንም የሚሠራ ነገር የለም። መጠበቅ ብቻ ነው።

አንዲት ወጣት የበርበሬ ችግኝ በቅርጫት ተሸክማ ስታልፍ አየችኝና ቆመች። «እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ምን እየጠበቁ ነው?»

«ጤዛውን ነው፣ ልጄ።»

ፈገግ አለች። «ጋሼም ይሄ ድንጋይ ላይ ሆነው እንዲሁ ይሉን ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።» ቅርጫቷን አስተካክላ ሄደች።

ሻይ ቤት አልነበረም ማለት ነው። ያ ሁሉ ጠዋት።

ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ነካሁት፤ ጣቴ አልረጠበም። ማጭዱን አንስቼ፣ አራት ጣት እየተውኩ፣ አጨድኩ።